የእርጥብ ጓሳ ሸክም

አያቴ የሣር ሌባ ተብላ ነው የሞተችው። ይህን ባነሣሁ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል። ልጆቼ «እማዬ፣ ያለፈ ነገር ነው፤ ተይው በቃ» ይሉኛል። ለእነሱማ አልፏል። ከተማ ተወልደው በቆርቆሮ ጣራ ሥር ያደጉ ልጆች፣ መንዝ ውስጥ የጓሳ ሌባ መባል ምን ማለት እንደሆነ ከየት ያውቁታል? ሰው ገድሎ፣ የደም ካሣ ከፍሎ የታረቀ ሰው እንኳ ከእኛ ቤት የተሻለ ስም ነበረው።

ለማያውቅ ሰው ከሕጉ ልጀምር። ጓሳ ከመንደራችን በላይ ያለ ሰፊ ደጋ ነው፤ እዚያ የሚበቅለው ሣርም ስሙ ጓሳ ነው። ረጅምና ጠንካራ ሣር ነው። ገመድ ይሠራበታል፣ ዝናብ የሚከላከል ገሳ ይሠራበታል፣ ከሁሉም በላይ ቤት ይከደንበታል። በደንብ በደረቀ ጓሳ የተከደነን ቤት አባት ሠርቶት ልጅ ይወርሰዋል። ደጋው የአንድ ሰው ርስት አይደለም፤ የሁሉም ነው፤ የሁሉም በመሆኑም ከራስ ንብረት በላይ ይጠበቃል። ሽማግሌዎች ተማክረው ይዘጉታል። ከተዘጋ ለዓመታት ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አይነካውም። ሣሩ ሲደርስ ቀን ይቆረጥና በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይነገራል፤ ያን ቀን አገሩ በሙሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ተዘግቶ ሳለ ሰርቆ ያጨደ ሰው ቤቱ ይቃጠላል። ጨካኝ ሕግ ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔ ሕጉን አልጠላውም፤ ጓሳ ዛሬም ጓሳ የሆነው በእሱ ነው። እኔን የሚያበግነኝ ሌላ ነው።

ጣልያን አገራችን ሲገባ አያቴ እናቴን ገና ጡት የምታጠባ ወጣት ነበረች። ባሏ ወደ ሰሜን ዘምቶ ቀርቷል፤ የት እንደወደቀ የነገራት ሰው የለም። የቀራት አንድ ታናሽ ወንድም ነበር። እሱም የአባቱን ጠመንጃ አንሥቶ፣ ከማዶው መንደር ከሆነ ባልንጀራው ጋር ዱር ገባ። ያንን ባልንጀራ በኋላ ባገኙት ማዕረግ ግራዝማች እያልኩ እጠራቸዋለሁ። ስማቸውን አልጽፍም፤ የልጅ ልጆቻቸው ምንም አላደረጉኝም። አንቱ የምላቸውም አፌ ስለለመደ ነው እንጂ ልቤ ፈቅዶ አይደለም።

አያቴን ግን አንቺ ነበር የምላት። አንቱ ካልኳት «ምነው፣ አረጀሁ እንዴ?» ብላ ትቆጣኛለች። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከራሷ አፍ ነው። የበግ ጠጉር እየፈተለች፣ እንዝርቷን እያሾረች፣ የትናንት ወሬ አስመስላ ትነግረኝ ነበር። በኋላ መምህርት ሆኜ ታሪክ ሳስተምር፣ ያ ዘመን ከዓለም ጦርነት ጋር ተያይዞ ሲጻፍ አየሁ። የጄኔራሎች ስም አለ፣ የተራሮች ስም አለ። አንዲት ሴት ከቀሚሷ ሥር አስራ ስላሳለፈችው የበሶ ስልቻ ግን አንድም መስመር አላገኘሁም።

በአንዱ ክረምት ወደ መርሐቤቴ በሚወርደው ገደል አጠገብ ውጊያ ሆነና ወንድሟ ጭኑን ተመታ። ግራዝማችን ጥይት አልነካቸውም፤ ብርዱና ጭቃው ግን እግራቸውን አሳብጦት መርገጥ አቅቷቸዋል። ሁለቱ እየተደጋገፉ ጓሳ ወጡ። ሣሩ ተዘግቶ የከረመ ስለነበር ሰው ጎንበስ ካለ የማይታይበት ሆኗል። ከመካከሉ ካለ የድንጋይ ዋሻ ገብተው ተኙ። የቀሩት ጓደኞቻቸው ወደ ግሼ ሲሸሹ አንዱ በአያቴ ቤት በኩል አልፎ «ወንድምሽና ባልንጀራው እንዲህ ያለ ቦታ ናቸው፤ የሚላስ የሚቀመስ የላቸውም» ብሎ ነገራት። እሱም ብዙ ሳይቆይ ወደቀ። ስለዚህ ነገሩን የሚያውቁ እሷና ዋሻው ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

ችግሩ መንገዱ ነበር። ከመንደራችን ወደ ጓሳ በሚወጣው አቀበት ላይ ጣልያን ምሽግ ሠርቷል። ሶላቶ የምንላቸው የጣልያን ወታደሮችና ከሩቅ አገር ያመጧቸው ባንዶች የሚያልፈውን ሁሉ ይፈትሻሉ። ስንቅ ይዛ የተገኘች ሴት፣ ለአርበኛ ነው ትባልና አበቃላት።

አያቴ አሰበችና መላ አገኘች። በሶውን በትንሽ ስልቻ አድርጋ ከቀሚሷ ሥር በመቀነቷ ታስራለች፤ ከላዩ ወፍራም የበግ ጠጉር ባና ትደርባለች፤ እናቴን ለጎረቤት አሮጊት ትተዋለች፤ ከዚያ ማጭድና ጠፍሯን በእጇ ይዛ በምሽጉ ፊት በግልጽ ታልፋለች። «ወዴት ነሽ?» ሲሏት ማጭዱን ታሳያለች። ስትመለስ ሸክሙን ያዩታል። ለሶላቶ ሣር ሣር ነው፤ የተዘጋ ይሁን የተከፈተ ምን ያውቃል? ባንዶቹም ለአገሩ እንግዶች ናቸው፤ የጓሳን ሕግ አልሰሙም። «አንድ ቀን እንኳ ሸክሜን አልነኩትም» ትለኝ ነበር። «አንዱ ሶላቶማ በቅሎ የሚነዳ ይመስል ምላሱን ያጮህብኝና ይስቃል። ሳቅ፣ እለዋለሁ በሆዴ፤ የማን በቅሎ እንደሆንኩ ብታውቅ።»

ዋሻው ጋ ስትደርስ በሶውን በውኃ በጥብጣ መጀመሪያ ለግራዝማች ትሰጣለች። እንግዳ ናቸው፤ ወንድም ይታገሣል። ወንድሟ በዚያ ቁስል ላይ ሆኖ ይቀልድ ነበር። «እኅቴ፣ ቅቤውን ከበሶው ለይተሽ ነው የምታመጪው?» ይላታል፤ ቅቤ ካየ ስንት ጊዜው! ስለ እናቴ ይጠይቃታል፤ ጥርስ አበቀለች ወይ፣ ቆመች ወይ ይላል። ግራዝማች ደግሞ እንደ ደብተራ ልጅነታቸው ዳዊት እየጠቀሱ ያመሰግናሉ። «ይህን ውለታሽን ብረሳ ቀኜ ትርሳኝ» ይሏታል። ይህን ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳሏት አያቴ ነግራኛለች።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ያ የሣር ሸክም ከጣልያን የሚሸፍናት ነበር፤ ለገዛ አገሯ ሰው ግን ወንጀሏ ነበር። ይህ ሳይገባት ቀርቶ አይደለም። «ጣልያን ቢይዘኝ ሳይጠይቅ ይገድለኛል፤ አገሬ ቢይዘኝ ጠይቆ ይሰማኛል ብዬ አገሬን መረጥኩ» አለችኝ።

የያዛት አገሯ ነው። አንድ ቀን ጉም መሬቱን ሸፍኖት፣ ሸክሟን ይዛ ከሣሩ ስትወጣ ሁለት የጓሳ ጠባቂዎች ከፊቷ ብቅ አሉ። የምታውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ አንዱ እንዲያውም ሠርጓ ላይ ሚዜ የነበረ ነው። «ከሰው ሁሉ አንቺ?» አላት። አንድ ቃል ብትተነፍስ ኖሮ ይለቋት ነበር፤ ማን ያውቃል፣ ሸክሙንም ያግዟት ነበር። ግን ከጓሳው ሽማግሌዎች የአንዱ ልጅ ምሽጉ ውስጥ ለጣልያን አስተርጓሚ ሆኗል። ጠባቂዎቹ የሰሙትን ለአለቃቸው ይናገራሉ፤ አለቃቸው ለሽማግሌዎቹ ያደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ወንድሟን ከተኛበት ይለቅሙታል። ስለዚህ ዝም አለች።

ፍርዱ እሑድ፣ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሆነ። ሸክሟን ለማስረጃ አምጥተው መሬት ላይ ጣሉት። ሽማግሌዎቹ ባናቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። እሷ ቆማለች፤ እናቴ ጀርባዋ ላይ ናት።

«አጭደሻል?» አሏት።

«አጭጃለሁ።»

«መዘጋቱን አላወቅሽም?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«ለላሜ ነው» አለች። ሌላ የምትለው አጥታ ነው።

አሁን እስቲ ፍረዱኝ። ክረምት ነው። አገሩ ሁሉ ለምለም ነው፤ ላም ከደጃፍ ሳትርቅ ጠግባ የምትገባበት ጊዜ ነው። በክረምት ጓሳ ድረስ ወጥቶ ለላም ሣር የሚያመጣ ማን ነው? ለጣራ ነው እንዳይባል ደግሞ ሣሩ እርጥብ ነው፤ ውኃው ከሥሩ ይንጠባጠባል። እርጥብ ጓሳ ጣራ ላይ ቢወጣ ይበሰብሳል። ይህን የማያውቅ መንዜ አለ? ከእነዚያ ሽማግሌዎች መካከል ዕድሜውን ሙሉ ቤት ሲከድን ያልኖረ አንድም ሰው አልነበረም። አንዱ እንኳ እጁን ሰድዶ ሣሩን ነክቶ «ኧረ ይህች ሴት ለሣር አይደለም የወጣችው» አላለም። ሣሩን አይተው ገደሉን ሳያዩ ፈረዱ። አንዳንድ ጊዜ ሳስበው ገብቷቸው ነበር እላለሁ። የአስተርጓሚውን አባት አጠገባቸው አይተው፣ ሕጉን መሸሸጊያ አድርገው ይሆናል። ገብቷቸው ከሆነማ ይብሳል።

«ቤቷ ይቃጠል» ተባለ። ወዲያው ከመካከላቸው አንዱ «ጭሱን ከምሽጉ ያዩታል፤ አርበኛ የገባ መስሏቸው ይተኩሱብናል» አለ። አያችሁ፣ ጭሱን ማሰብ አላቃታቸውም። በዚያ ፈንታ ጣራው ይፍረስ ተባለ፤ እሷም ዘሯም ከእንግዲህ ጓሳን እንዳይረግጡ ቄሱ ገዘቱ። ያኑ ዕለት ሠርጓን የበሉ ሰዎች ቤቷ ላይ ወጥተው ሣሩን እየመዘዙ ጣሉት። ዝናቡ ገብስ ባለበት ጎታ ላይ ሲወርድ አንድ ሽማግሌ ቁርበት አምጥተው ጎታውን ሸፈኑላት። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የራሩላት እሳቸው ብቻ ናቸው። እሷ ግን ጎታውንም አላሰበችው፤ ዋሻው ውስጥ ያለው በሶ ዛሬ ማለቁን ነበር የምታስበው።

በማግስቱ ልትወጣ ሞከረች፤ ጠባቂዎቹ መለሷት። በሌላ በኩል ዞረች፤ እዚያም መለሷት። ሕግ አፍራሽ ላይ ዐይናቸው እንዴት ንቁ ነው! ሰው ልትልክ አሰበች፤ ማንን? «ጎረቤቶቼን በልቤ አንድ በአንድ እየጠራሁ እሱን ልመን፣ እሱን ልመን እል ነበር» አለችኝ። «ጣራዬ ላይ ወጥቶ ያላየሁት ሰው አጣሁ።»

ወንድሟ እዚያው ሞተ። ግራዝማች በዚያ በአበጠ እግራቸው እየዳኹ ወደ ግሼ ወጡ፤ ራቤል አጠገብ ሰዎች አግኝተው አዳኗቸው። ወንድሟን የገደለው ቁስሉ ይሁን ረሀቡ፣ ግራዝማችም ለይተው አልነገሯትም። «ድንጋይ ከምሬበታለሁ» ብቻ ነው ያሏት። ጣልያን ከወጣ በኋላ አጥንቱን አምጥታ ቤተ ክርስቲያን አስቀበረችው።

ያን ጊዜ ግራዝማች ትልቅ ሰው ሆነው ተመልሰዋል። በዚያ ክረምት ቆላ ወርደው ሲዋጉ እንደነበሩ ለሹሞቹ ተናግረው ማዕረጉንም መሬቱንም አግኝተዋል። ጀግና የተባለ ሰው ደግሞ፣ ዋሻ ውስጥ ተኝቶ የሴት በሶ ይጠብቅ ነበር መባል አይወድም። ምን ነውር አለው? እግሩ ያበጠ ሰው ተኝቶ ቢጠብቅ ምን ነውር አለው? ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በእውነት ተዋግተዋል፤ ይህን አልክድም። ያቺን አንዲት ክረምት ብቻ ቢተዉላት ምን ይጎድልባቸው ነበር?

አያቴ ሄዳ ለመነቻቸው። «ለሽማግሌዎቹ አንድ ቃል ይናገሩልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለቻቸው። «እንዴት አልናገር፣ እኅቴ» አሏት። ይህን አምና፣ ስለ ጓሳ ሊመከር ሰው በተሰበሰበበት ቀን ተነሥታ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ዋሻውን፣ በሶውን፣ ወንድሟን። «ምስክር አለሽ?» ተባለች። እሷም ግራዝማችን አመለከተች። ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ካባቸውን አስተካክለው «ወንድሟ ጀግና ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። እኔ ግን በዚያ ክረምት ቆላ ነበርኩ» አሉ።

ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል። ዳዊት ሲጠቅስ የነበረ አፍ እንዲህ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አያቴ ሌባ ብቻ ሳትሆን ውሸታምም ሆነች። በሞተ ወንድሟ አጥንት ስሟን ልታጸዳ የፈለገች ተባለች። ግዝቱም እንዳለ ጸና።

እሷ ግን አልተወችውም። ጓሳ ሊከፈት በተቃረበ ቁጥር ግራዝማች ቤት ትሄዳለች። በክብር ይቀበሏታል፤ ከላይ ያስቀምጧታል፤ ያበሏታል። «ያን ቀን ደንግጬ ነው» ይላሉ። ከዚያ «ዘንድሮ ይለፈኝ» ይላሉ። በሌላ ጊዜ «የጓሳው አለቃ ታመዋል፤ እሳቸው ይሻላቸው» ይላሉ። ሰበብ ሲያልቅባቸው «አይዞሽ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለው ይሸኟታል። ንጋቱን በእጃቸው ጨብጠው ይዘው ነው እንዲህ የሚሏት። እኔ ያንን ተረት ሰው ሲናገረው ከሰማሁ እስከ ዛሬ ተነሥቼ እወጣለሁ።

እኔ የተወለድኩት በዚያ ቤት ነው። ጓሳ የተከለከለ ቤት በገብስ አገዳ ይከደናል፤ አገዳ ደግሞ ክረምት በገባ ቁጥር ያፈሳል። እናቴ የተኛንበትን ቁርበት ከጥግ ወደ ጥግ ስትጎትት ትዝ ይለኛል። ገሳ የለንም፤ ዝናብ ሲመጣ ሌላው ልጅ ገሳውን ደፍቶ ሲሄድ እኛ እንበሰብሳለን። በመንገድ ላይ ሣር በእጄ ነጭቼ ከታየሁ «ጀመረች የሌባዋ ልጅ» ይባላል። እናቴን ሊያጩ የመጡ ሽማግሌዎች የማን ልጅ እንደሆነች ሲሰሙ ከደጅ ተመልሰዋል። አባቴ ወሬውን ያልሰማ የመርሐቤቴ ነጋዴ ባይሆን ኖሮ እኔም ይህን የምጽፍ አልነበርኩም።

ከፍ ካልኩ በኋላ አንድ ቀን በግኜ «ለምን አትረግሚውም?» አልኳት። እንዝርቷን አቆመችና ጅል አየሁ ብላ አየችኝ።

«ብረግመው ይሞታል። ቢሞት ማን ይመሰክርልኛል?»

እንዲህ ነበር ነገሩ። ግራዝማች ታመሙ ሲባል ስለት የምትሳለው እሷ ናት። ለእሳቸው ስትል ጠበል አምጥታ ልካለች። «እመቤቴ፣ ከእኔ በፊት እንዳትወስጂው» እያለች ስትጸልይ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በአርበኞች በዓል ቀን ሜዳሊያቸውን ደርድረው በበቅሎ ሲያልፉ ሰው ሁሉ ለክብራቸው ይወጣል፤ እሷ ጤንነታቸውን ለማየት በር ላይ ትቆማለች። ተመልሳ ትገባና «ዛሬ ፊቱ ደህና ነው» ትላለች። በዳይዋን እንደ ሕመምተኛ ልጅ ስትንከባከብ ኖረች። ይህን ሳይ ልቤ ይነድ ነበር፤ እሷ ግን ቁጣዬ ይሰለቻታል። «አንቺ ተናደጂ፤ እኔ ሥራ አለኝ» ትለኛለች።

ጸሎቷ ተሰማ። እሷ ቀድማ ሞተች። በታመመችበት ሰሞን እናቴ ግራዝማች ዘንድ ሰው ልካ ነበር፤ «ነገ እመጣለሁ» ብለው ነበር። አያቴ ራሷን ወደ በሩ አስደርጋ ተኛች። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ለመሞት እንኳ ጎኗን የመረጠችው ለእሳቸው ነው። አልመጡም።

ተዝካሯ ላይ ግን መጡ። ዳሱ ሞልቷል። ሰው በልቶ ጠጥቶ ሞቅ ሲለው ግራዝማች ተነሡና «አንድ የምለው ነገር አለኝ» አሉ። ከዚያ ሁሉንም ተናገሩት፤ ዋሻውን፣ ያበጠውን እግራቸውን፣ በሶውን መጀመሪያ ለእሳቸው ትሰጥ እንደነበር፣ ሸክሙ በክረምት የታጨደው ለምን እንደሆነ። አለቀሱ። ሰውም አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ስለ ማን የተወራ ይመስላችኋል? ስለ እሷ? «እንዴት ያለ ልበ ንጹሕ ሰው ናቸው» ተባለ። «በዚህ ማዕረግ ላይ ሆኖ እንዲህ ራስን ዝቅ ማድረግ» ተባለ። ቄሱም ለእሳቸው ረጅም ምርቃት መረቁ። ለእሷ ነፍስ የተጠመቀ ጠላ ለእሳቸው ትሕትና ተጠጣ።

እናቴ ጠላ ስትቀዳ ነበር። ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች። ጮክ ብላ አይደለም፤ ዳሱ ሙሉ ግን ሰማት። «ግራዝማች፣ ይህን ቃል እስከ ዛሬ የት አስቀምጠውት ነበር? እናቴ እኮ በሩን እያየች ነው የሞተችው።»

አንዱ ሽማግሌ «በተዝካር ቀን እንዲህ አይባልም፣ ልጄ» አሉ። ሌሎቹ ተንሾካሾኩና ነገሩን ለማብረድ ቶሎ ብለው «ግዝቱ ተፈቷል፤ የቤታችሁ የጓሳ ድርሻ ተመልሷል» አሉ። እዚያው፣ ጽዋቸውን እንደያዙ። አንዲት ሴት ዕድሜዋን ሙሉ የለመነችው ነገር በጽዋ መሀል አለቀ።

በበጋው ጓሳ ተከፈተ። እናቴና እኔ ማጭድ ይዘን ወጣን። እናቴ ጓሳን ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነበር። እሷ ታጭዳለች፤ እኔ አስራለሁ። ከቀትር በኋላ ግራዝማች ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ትልቅ ድንጋይ ትከሻቸው ላይ አድርገዋል። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳዩ ፊት ይንበረከካል፤ ተበዳዩ «አውርድ» ካለው ይቅር አለው ማለት ነው። ግራዝማች ከእናቴ ፊት ተንበረከኩ።

«ድንጋዩን ያውርዱት» አለች እናቴ።

ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው መመረቅ ጀመሩ።

«አልጨረስኩም» አለች። «እናቴ ድንጋይ አልተሸከመችልዎትም። ያንን ይሸከሙ።» ያሳየቻቸው ያሰርኩትን የሣር ሸክም ነው።

«ኧረ ልጄ፣ ግራዝማች ሣር ይሸከማሉ?» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«እሷ ምን ተሸክማ ነው ሌባ የተባለችው?»

በዙሪያችን የሚያጭደው ሰው ሥራውን አቁሞ ያያል። ግራዝማች ሽማግሌዎቹን አዩ፤ ማንም አልተናገረላቸውም። ካባቸውን አውልቀው ለአንዳቸው ሰጡና ጀርባቸውን አዞሩ። እናቴ ጠፍሩን በደረታቸው ላይ አሰረችው። ቁልቁለቱን ጀመሩት፤ እኛ ከኋላ ተከተልን። የጣልያን ምሽግ ፍርስራሽ ጋ ስንደርስ ቆመው ተነፈሱ። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ያያቸዋል። አርጅተዋል። ብዙ ሰው አዘነላቸው፤ «ይብቃ፣ ለእግዚአብሔር» ያለም ነበር። እኔ አላዘንኩም። ዛሬም አላዝንም። የእሳቸው ሸክም ደረቅ ነበር።

ደጃፋችን ሲደርሱ ሸክሙን አወረዱና ላባቸውን በእጃቸው ጠረጉ። «ይቅር አልሽኝ፣ ልጄ?» አሏት።

«እኔን ምን አደረጉኝና? እሷን ይጠይቋት» አለች እናቴ። እጇን ዘርግታ ቤተ ክርስቲያኑን አሳየቻቸው። ከደጃችን ይታያል፤ መቃብሯም ከአጥሩ አጠገብ ነው። «ቅርብ ናት» አለቻቸው።

ግራዝማች ወደዚያ ትንሽ ተመለከቱ። ከዚያ ካባቸውን ተቀብለው ለበሱ፤ በቅሏቸውን አስመጥተው ተቀመጡና ወደ ቤታቸው ሄዱ።